እናቴ አክታ የሚያቀጥነውን መድኃኒት ከጀመረች ሳሉ በዛባት፤ ታቁም ወይስ ትቀጥል?

የመሐል ሜዳዋ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። እናቴ ለኅዳር ሚካኤል ከመንዝ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። ዕድሜዋ 60ን አልፏል። ሳል አዲሷ አይደለም፤ በየዓመቱ ውርጩ ሲጀምር ይነሳባታል፣ ጠዋት ጠዋት ወፍራም ነጭ አክታ ታወጣለች። ዘንድሮ ግን ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ አለቅሽም ብሏታል። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ "እናቴን ሳል ይዟታል" ስል ሁለት ነገር ሰጡኝ። አንደኛው ውሃ ውስጥ ሲጥሉት እየፈላ የሚሟሟ አሴቲልሲስቲን 600 ሚሊ ግራም ነው። ሁለተኛው የሳል ሽሮፕ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ዴክስትሮሜቶርፋን ይላል። የሚሟሟውን ማታ ልትተኛ ስትል ነው የምሰጣት። ከጀመረች ወዲህ አክታው በዛ፣ ሌሊቱን ስትስል ታነጋለች። "ይኼ ነገር የተኛውን በሽታ ቀሰቀሰብኝ፣ ሽታውም የገማ እንቁላል ነው፣ ከእንግዲህ አልቀምሰውም" ብላ ፊቷን አዙራለች። ላስቁማት? በሞቴ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለበርኖሱ
ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ያልሳለ ሰው ካለ ይመዝገብልን። 😂 እኅቴ፣ ማር በዝንጅብል አፍልተሽ ስጫት፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጊበት፣ ጋቢ ደርቢላት። እናቶቻችን በዚህ ነው የኖሩት።

ፋርማሲስቷ ከጠባሴ
@የመሐል ሜዳዋ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እንኳን ጠየቅሽ።

ከሁሉ በፊት ሽሮፑን አቁሚላት። አሴቲልሲስቲን አክታን ያቀጥናል። ዴክስትሮሜቶርፋን ደግሞ አንጎል ላይ ሠርቶ የማሳል ፍላጎትን ያዳፍናል። የቀጠነ አክታ የሚወጣው በማሳል ነው፤ ማሳሉን ካፈንነው እዚያው ደረት ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት እዚህ አገር የተለመደ ነው፣ ግን የተለመደ ስለሆነ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሳልን የሚያፍን መድኃኒት ቦታው ምንም አክታ የሌለው፣ እንቅልፍ የሚነሳ ደረቅ ሳል ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። አክታ የሚያቀጥን ነገር ልትተኛ ስትል ከሰጠሻት አክታው የሚፈታው ጋደም ባለችበት ነው። ሌሊቱን መሳሏ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ አድርጊው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሰዓት በኋላ። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ አሟሚው፣ መፍላቱን እስኪጨርስ ጠብቂ፣ ወዲያው ትጠጣው። አክታው መብዛቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቅ ነው፤ ተጣብቆ የቆየው እየተነሳ ነው። ነገር ግን ከጠጣች በኋላ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ አቁሚና ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የእንቁላሉ ሽታ መድኃኒቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሰልፈር ነው። እንዲያውም የሚሠራው በሱ ነው። አክታ የሚወፍረውና የሚጣበቀው ሙሲን የሚባሉ ረጃጅም ፕሮቲኖች በሰልፈር ማሰሪያ እርስ በርስ ስለተያያዙ ነው፤ አሴቲልሲስቲን ያንን ማሰሪያ ይበጥሰዋል። (ይኸው መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ በብዙ መጠን ሲሰጥ፣ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ጉበቱ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።)

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። መድኃኒት ቤት የሰጡሽ እንኳ ይህን ሊጠይቁሽ ይገባ ነበር። ጨጓራ አለባት? ደም ግፊት አለባት? የሚፈላው ክኒን ሶዲየም ስላለው ጨው የተከለከለ ሰው መጠንቀቅ አለበት። አስም አለባት? ክብደት ቀንሳለች? ማታ ማታ ያልባታል? አክታው ላይ ደም አይታችኋል? ምን ላይ ነው የምትጋግረው?

የመሐል ሜዳዋ
ኧረ አንድም አልጠየቁኝም፤ ዋጋውን ነግረው ሰጡኝ። ግፊት የለባትም። ጨጓራ ግን አላት፣ ከዱሮ ጀምሮ ያቃጥላታል። ደም አላየሁም። ደረቷ ሲር ሲር ማለቱን ዳገት ስትወጣ ሰምቻለሁ፣ መድኃኒቱን ከመጀመሯም በፊት። ክብደቷ... ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ግን ሁሌም ቀጭን ናት። የምትጋግረው በኩበት ነው፣ ማድቤቷ መስኮት የለውም። እኔ ለበዓል ስሄድ እንኳ ዓይኔን እያሸሁ ነው የምወጣው፣ እሷ እዚያ ውስጥ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው።

ሌላው ችግር ጾም ነው። ነቢያት ገብቷል፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ ካፏ አይገባም። ቀን ስጫት ስትይኝ ጨነቀኝ።

ፋርማሲስቷ ከጠባሴ
እንዲያውም ገጥሞልሻል። በቀን አንዴ ስለሆነ 9 ሰዓት ላይ ጾሟን ስትፈታ ትጠጣው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ነው፣ ከመኝታም ይርቃል። ጨጓራ ስላለባት ደግሞ በባዶ ሆዷ አይሁን፣ ጥቂት ቀምሳ ይሁን። የቆሰለ ጨጓራ ኖሮባት የሚያውቅ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያያት አትቀጥሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች የአክታውን ብቻ ሳይሆን ጨጓራን የሚሸፍነውንም ልባስ ሊያሳሱት ይችላሉ። የዚሁ ወገን የሆነው ካርቦሲስቲን የጨጓራ ቁስለት ላለበት ሰው ጭራሽ ክልክል ነው።

ሐኪም ካዘዘላት ሌላ መድኃኒት ጋር ጾሙን ለማስታረቅ የንስሐ አባቷን ታማክር። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፣ እናቶቻችን ናቸው የማይጠይቁት።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ
ፋርማሲስቷ የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው። ግን እኔ ከመድኃኒቱ በፊት ሌላ ነገር ነው ያየሁት፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ አሁን ስንት ሳምንት ሆነ? 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ አክታው ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ሕጉ ይኼ ነው። "ሁሌም ክረምት ከበጋ ያስላታል" ተብለው ቤት የቆዩ ስንቶቹን አይተናል። ቀሚሷ ሰፍቷታል ብለሻል። ነገ ውሰጃት። ምርመራው ነፃ ነው፣ ቢገኝባትም የ6 ወሩ መድኃኒት ነፃ ነው። ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ያለበት ቦታ ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል።

አክታ ስትሰጥ ምራቅ እንዳትሰጥ። ጠዋት እንደነቃች አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፣ ከዚያ ከደረቷ የመጣውን ነው የምንፈልገው። ደጅ ላይ ወይም ነፋስ ያለበት ሆና ታውጣው፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አጠገብ አይሁን።

ለማውጣት የሚቸግራት ከሆነ ይህን አሳያት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ሙሉ አየር ትሳብ፣ ትንሽ ትያዘው። ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ጉሮሮዋን ሳትዘጋ፣ መስታወት ልታደበዝዝ እንደምትተነፍስ "ሃህ" ብላ ከሆዷ ታስወጣው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገች በኋላ አክታው ወደ ላይ ሲመጣ ይሰማታል፤ ያኔ አንዴ ትሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ደረትን እየቀደዱ ከመሳል ይኼ ይሻላል። አክታ አቅጣኙም ያለዚህ ብዙ ዋጋ የለውም፤ የቀጠነውን የሚያወጣው ሰውየው ራሱ ነው።

ጠያቂው_1
ይቅርታ፣ እኔ ይሄ ሁሉ ነገር ንግድ ነው የሚመስለኝ። አክታ የሚያቀጥነው ውሃ ነው። አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ ጠጥተሽ የማይቀጥን አክታ በዚህ ሁሉ ብር ይቀጥናል? እስቲ ሠራ የሚል ጥናት ያለው ያምጣ።

ዶክተር ነኝ፣ አልፎ አልፎ የምገባ
@ጠያቂው_1 ግማሹ እውነት አለህ። የጉንፋን ሳል ከሆነ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ አንዳንዴ እስከ 3 ሳምንት ይጎትታል። ለዚያ ዓይነት ሳል አክታ አቅጣኝ ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሰው የሚድነው መድኃኒቱን በጀመረበት ሰሞን ስለሚሆን ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል።

ሌላው ግማሽ ለየት ይላል። ለዓመታት አክታ ያለው ሳል የያዛቸው፣ እኛ ሲኦፒዲ የምንለው የአየር ቧንቧ መጥበብ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ፈረንጆቹ አገር ይኼ በአብዛኛው የሲጋራ በሽታ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲጋራ በአፏ ያልዞረ እናት በኩበትና በቅጠል ጭስ ትይዘዋለች። ለነሱ መድኃኒቱ በወራት ሲወሰድ በሽታው እየተባባሰ የሚጥልበትን ጊዜ በመጠኑ ይቀንሳል። ውጤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ የወጣው ጥናት በቀን 600 ሚሊ ግራም ሰጥቶ መባባሱን ሲቀንስ አላገኘም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የቻይናው ጥናት ግን ከ1,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በቀን ሁለቴ 600 ለዓመት ሰጥቶ መባባሱን ቀንሷል። ስለዚህ "ጥቅም የለውም" ማለትም፣ ለሳለ ሁሉ ማደልም ልክ አይደለም።

ውሃውን በተመለከተ፣ የደረቀ ሰው አክታው ይጠጥራል፣ መጠጣቱ ጥሩ ነው። ያልደረቀ ሰው ግን ጋን ሙሉ ቢጠጣ ትርፉ ወደ ሽንት ነው የሚሄደው።

@የመሐል ሜዳዋ እናትሽ ሲር ሲር የሚላት ከሆነ የሚያስፈልጋት ቧንቧውን የሚከፍት የሚሳብ ፓፍ ሊሆን ይችላል። አስምና ሲኦፒዲ በአክታ አቅጣኝ ብቻ አይያዙም። ያ መታየት አለበት። አክታው ወደ አረንጓዴ ስለተለወጠ ብቻ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ ደግሞ፤ ቀለም ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስወስንም።

ጠያቂው_1
ዶክተር፣ በጥናቱ ተማርኩ፣ ግን አንዱ አዎ አንዱ አይ ካለ እኔ ብሬን ኪሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

እናት ከሸዋ ሮቢት
ይቅርታ ርዕሱን ላስቀይር። ልጄ 14 ወሩ ነው። እዚህ ቆላ ነን፣ ብርድ የለም ግን ጉንፋኑ አለ። ደረቱ ኩርር ኩርር ይላል። ከሱቅ ብዙም የማይለይ አንድ ቦታ የአምብሮክሶል ሽሮፕ "ለልጅ ነው" ብለው ሰጡኝ። በማንኪያ ልስጠው?

ፋርማሲስቷ ከጠባሴ
አትስጪው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት አይሰጥም። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፣ አክታውን ስቦ የማውጣት አቅሙም ገና ነው፤ አክታው ቀጥኖ ሲበዛበት ይታፈናል። ፈረንሳይ በ2010 እ.ኤ.አ. አሴቲልሲስቲንንና ካርቦሲስቲንን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የከለከለችው አንዳንዶቹ ትንፋሻቸው እየባሰ ስለታየ ነው። አምብሮክሶልንም በዚሁ ዕድሜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንሰጥም። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕማ ከ12 ዓመት በታች ጨርሶ አይታሰብም።

ከማይታወቅ ቦታ የሽሮፕ ጠርሙስ አትግዢ። በ2015 መስከረም መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አስታውሺ፤ ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ከሞቱ በኋላ በሳልና በጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ መርዝ፣ ዳይኤትሊን ግላይኮል፣ ተገኝቷል።

ልጅሽ ዓመት ስላለፈው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ትችያለሽ (ዓመት ላልሞላው ማር ክልክል ነው)። ጡት አብዢለት፣ አፍንጫውን በጨው ውሃ ጠብታ አጽጂለት። የፈላ ውሃ ላይ አታጥኚው፣ በዚያ የተቃጠሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ
እኔ ደግሞ እንዲህ ልጨምር። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተኝቶ ወይም ጡት ጠግቦ ሳለ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ቁጠሪ። ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ 50፣ ከ2 ወር በታች ላለ 60። ፈጣን ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ኬላ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ መድኃኒቱ አላት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ግን ጤና ኬላ አትቁሚ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል።

እናት ከሸዋ ሮቢት
ቆጠርኩ፣ 34 ነው። ተመስገን። ጡቱንም ይጠባል። ጠርሙሱን አልከፈትኩትም፣ ልመልሰው እሄዳለሁ።

የአንኮበር ልጅ
እኛ ጋ ለሳል ስሚዛ ቀቅለው የሚጠጡ ሽማግሌዎች አሉ። ሰንሰል የሚሉትም አሉ፣ በየአጥሩ አለ። ፋርማሲስቷ ትስቅብኝ ይሆናል።

ፋርማሲስቷ ከጠባሴ
ኧረ አልስቅም! ብሮምሄክሲን የሚባለው አክታ አቅጣኝ መነሻው ሕንዶች ለሳል የሚጠቀሙበት አንድ ቁጥቋጦ ነው፤ ያ ቁጥቋጦ ከኛ ስሚዛ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አምብሮክሶል ደግሞ ብሮምሄክሲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚለወጥበት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የነኩት ነገር አለ። ግን ዘመድ ማለት እሱ ራሱ ማለት አይደለም፤ ፋብሪካው ንጥረ ነገሩን ለውጦ፣ መጠኑን ለክቶ ነው ያወጣው። ቅጠሉ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ፣ አንድ ጭልፋው ስንት እንደሆነ ማንም አልለካም። ለነፍሰ ጡር በተለይ እንዳይሰጥ፤ የሕንዱ ዘመድ ማሕፀን ያኮማትራል።

የጣርማበር ሾፌር
እኔ እንኳ ለሌላ ነገር ነው የገባሁት። ደረቅ ሳል ይዞኝ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ በየደረስኩበት የሳል መድኃኒት ስገዛ ከረምኩ። የሚሟሟውንም ጠጥቻለሁ። አንድ ጠብታ አክታ የለኝም፣ ምኑን ያቀጥናል? ዋሻው ውስጥ ስገባ በጭሱ ነው እያልኩ መስኮት ስዘጋ ነበር። በኋላ አንድ ሐኪም "ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?" አለኝ፤ ለግፊት ኢናላፕሪል። በሌላ ቀየረልኝና ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዶክተር ነኝ፣ አልፎ አልፎ የምገባ
ጥሩ አነሳኸው ወንድሜ። ኢናላፕሪል ከሚወስዱ ሰዎች የተወሰኑት ላይ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ከተተወ በኋላ ለመጥፋት ሳምንታት ይፈጅበታል። ግን ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ የግፊት መድኃኒቱን እንዳይጥል። ሐኪሙ ይቀይርለት።

የመሐል ሜዳዋ
ይኸው ተመለስኩ። ሆስፒታል ወሰድኳት። አክታዋን ሰጠች፣ ከቲቢ ነፃ ሆነች፣ እልል ነው ያልኩት። ራጅ ተነሳች። መሣሪያ ላይ በኃይል አስነፍተዋት ቧንቧዋ ጠብቧል፣ የጭስ ነው አሏት። ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ ሲሏት ተቆጥታ "እኔ የባለማተብ ልጅ!" አለች፣ ሐኪሙም ሳቀ። የሚሳብ ፓፍ ሰጧት፤ እንዴት እንደምትስበው ነርሷ ሦስቴ አሳየቻት፣ መጀመሪያ ምላሷ ላይ ነበር የምትረጨው። ሽሮፑን ወዲያ ጣሉት አሉ። አሴቲልሲስቲኑን በተመለከተ "የጀመረችውን ቀን ቀን ትጨርስ፣ ጨጓራዋን ካመማት ታቁም፣ ከዚያ ቀጠሮዋ ላይ እናያለን" ነው ያሉኝ። "ሃህ" የሚለውን ልምምድ ግን ወዳዋለች፤ ጠዋት ከጸሎቷ ቀጥሎ ታደርገዋለች፣ ሌሊቱንም አሁን ትተኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ። ለገና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ እያለች ነው። ያው ማድቤት፣ ያው ኩበት።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ
ከፓፉም ከክኒኑም በላይ የሚረዳት ማድቤቱ ነው። ከጭሱ ካልወጣች ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

ባለበርኖሱ
በዚህ እስማማለሁ፣ ማሬን ባትቀበሉም። 😄 በሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምጣድ አስገቢላት፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ጭሱም ማገዶውም ይቀንሳል። እኛ ቤት ገብቷል። ጣሪያው ሥር ከምጣዱ ፊት ለፊት ክርን የሚያህል ቀዳዳ አስከፍቺ፣ በሩም ሲጋገር ክፍት ይሁን። ኩበቱ ደግሞ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡ ነው ዓይን የሚያወጣው።

የመሐል ሜዳዋ
ምርጥ ምጣድ ደብረ ብርሃን የት ይሠራል? መኪና ላይ ሲጫን አይሰበርም?

የጣርማበር ሾፌር
በክፍል በክፍል ነው የሚሠራው፣ ተነጣጥሎ ይጫናል። በመሃሉ ጭድ ጠቅጥቂበት። የሚሠሩበትን ቦታ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ለገና ሳምንት መሐል ሜዳ የሚወጣ ጓደኛ አለኝ፣ አይሱዙው ባዶ ነው የሚሄደው።

የመሐል ሜዳዋ
ጻፍልኝ ወንድሜ፣ እየጠበቅኩ ነው።